ፉከራና እማኙ

«ራስን ማስተዋወቅ የእኛ ባህል አይደለም» የሚለውን ንግግር ያልሰማ የለም። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ዓመት ቆጥሮ ሒሳብ ሲዘጋ አንድ ሳንቲም ያላጎደለ አካውንታንት፣ ድልድዩ ሲመረቅ ከድንኳኑ ጀርባ የቆመ መሐንዲስ፣ ተራዋን ሳትዘል ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታገላብጥ ያደረች ነርስ። ዕድገት ሲመጣ እነሱን ያልፍና ሲቪው ከሥራው የረዘመ ሰው ጋ ይደርሳል። «ለምን ስለ ሥራችሁ አትናገሩም?» ሲባሉ «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ።

በሌላው ወገን ደግሞ የ«ፐርሰናል ብራንዲንግ» አሠልጣኞች አሉ። ሊንክድኢን ላይ በሳምንት ስንት ጊዜ መጻፍ እንዳለባችሁ፣ ለፎቶው ምን ዓይነት ኮት እንደሚያምር፣ ከስማችሁ ሥር ምን የሚል መስመር እንደሚሰፍር ያስተምራሉ። ከውጭ የገባ አዲስ ጥበብ ነው ብለው ያስከፍሉበታል።

እኔ ሁለቱም ወገኖች ያለፈውን ዘመን በደንብ አላዩትም ባይ ነኝ። ራሱን በአደባባይ በማስተዋወቅ የኛን ያህል ሥርዓት ያበጀ ሕዝብ ብዙ የለም። የጠፋብን ማስተዋወቁ ሳይሆን ከሱ ጋር አብሮ ይሄድ የነበረው ሌላ ነገር ነው። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ከፉከራ እንጀምር። የድሮ ወታደር ስለ ራሱ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ከዘመቻ መልስ ንጉሡ ወይም የጦሩ አለቃ በድንኳኑ ፊት ይቀመጣል። ግዳይ የጣለ ሁሉ በየተራው ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» ይላል። ስሙን ይጠራል፣ የአባቱን ስም ይጠራል፣ አገሩን ይጠራል፣ የጌታውን የፈረስ ስም ጠርቶ «የአባ እገሌ አሽከር!» ይላል። የት ቦታ ላይ፣ ማንን፣ በምን እንደጣለ ይዘረዝራል። ይህ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ሹመቱም፣ ርስቱም፣ ለምዱም፣ ጎፈሩም፣ በብር ያጌጠው ጋሻም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። በዛሬ አነጋገር ቃለ መጠይቁም፣ ሲቪውም፣ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ግምገማም እዚያው አደባባይ ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ጦር እየተሰበቀ ይካሄድ ነበር።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ፎካሪው የሚናገረው ለማን ነው? ፊቱ የተቀመጠው አለቃ ብቻ አይደለም የሚሰማው። ዙሪያውን የቆመው ከሱ ጋር የተሰለፈው ሰው ነው። ያ ሰው በዚያች ቀን በዚያ ገደል ሥር ነበር፤ ማን ቀድሞ እንደመታ፣ ማን እንደሸሸ፣ ማን ቁስለኛ ተሸክሞ እንደወጣ በዓይኑ አይቷል። «እኔ ነኝ አስቀድሜ የመታሁት» የሚል ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው በእማኝ ነው። በሬ ወለደ ያለ ፎካሪ በማግስቱ የሰፈሩ መሳለቂያ ይሆናል፤ አዝማሪ ከያዘው ደግሞ ነገሩ እስከ ልጅ ልጁ ይዘልቃል። ስለዚህ ሰውየው ድምፁን ከፍ ያደርጋል እንጂ ታሪኩን እንዳሻው ከፍ አያደርግም።

«ሙያ በልብ ነው» የሚለውንም በዚህ ብርሃን ሳየው የዝምታ ትእዛዝ አይመስለኝም። ሙያውን በልቡ የያዘ ሰው ገና ያልሠራውን እየለፈለፈ አያባክነውም ማለት ነው። ከሠራው በኋላ ግን ይናገራል፤ በእማኝ ፊት፣ አገሩንና ቀኑን ጠቅሶ። ከዘመቻ በፊት የሚፎከረውም ቢሆን ቃል ኪዳን ነው፤ ግብር ላይ ሥጋ እየበላ «እንዲህ አደርጋለሁ» ያለ ሰው በማግስቱ ጓደኞቹ ዓይን ውስጥ ገብቷል፤ ማፈግፈግ ለእሱ ከሌላው ሁለት እጥፍ ውርደት ነው።

(በነገራችን ላይ ይህን ሥርዓት ሳሞግስ የሚቆጥረው ምን እንደነበረ ረስቼ አይደለም። የሚቆጥረው ሞት ነው። የአንዱ ግዳይ የሌላው እናት ለቅሶ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሟቹ የገዛ አገራችን ሰው ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።)

ቀጥሎ የፈረስ ስም። የዘመኑ አሠልጣኞች «ማንነትህን በሁለት ቃል ግለጸው» ይላሉ። አያቶቻችን ይህን ጨርሰው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርማ የፈረስ ስማቸው የተጸውዖ ስማቸውን ጨርሶ ውጦታል፤ ዛሬ ስንቱ ሰው ሌላ ስም እንደነበራቸው ያስባል? ስሞቹን ጠጋ ብላችሁ ብታዩአቸው በጣም አጭር ናቸው፤ ብዙዎቹም ግሥ ናቸው። ታጠቅ፣ በዝብዝ ትእዛዝ ነው። ዳኘው፣ ቃኘው፣ ነጋ ደግሞ ያለቀ ሥራ ነው። ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ወይም ምን እንዳደረገ በአንድ ቃል ይነገራል። (አንድ ንጉሠ ነገሥት «በዝብዝ» በሚል ስም ሲጠራ ዛሬ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ቢሰማ ራሱን ይስታል፤ በዘመኑ ግን ለጠላት የተላከ መልእክት ነበር።)

ፈረሱ ይሞታል፤ ስሙ ግን ይቀራል። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ። ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1943፣ ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ኮሪያ ለሚዘምተው ጦር «ቃኘው ሻለቃ» የሚል ስም ሰጡት። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች ጣቢያም «ቃኘው» ተባለ። ያ ስም በፈረስ ጀርባ ላይ ተሰጥቶ የሬዲዮ አንቴና መጠሪያ እስከመሆን ዘለቀ ማለት ነው።

ስም ሲወጣ ግን ዕዳም አብሮ ይወጣል። ይህን ከዐፄ ቴዎድሮስ በላይ የቀመሰው የለም። ካሳ ኃይሉ ገና ሽፍታ ሳሉ ጠላቶቻቸው ያወጡላቸው ስም ነበር፤ «የኮሶ ሻጭ ልጅ»። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ዘመን ኮሶ ይሸጡ ነበር እየተባለ ነው ስድቡ። ደጃዝማች ወንድይራድ «ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣለሁ» ብለው እንደፎከሩ፣ ድል ሆነው በተያዙ ጊዜ ካሳ ኮሶ አስቀርበው እንዳጠጧቸው ይተረካል። «እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትም» አሉ የሚሉም አሉ። ታሪኩ በአፍ ሲዞር ቅመም ይጨመርበት ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ያሳያል። ካሳ የወጣባቸውን ስም በክርክር አልፋቁትም። ስድቡን ከተሳዳቢው አፍ ነጥቀው የራሳቸው ድል መተረቻ አደረጉት።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ራሳቸው ስም መረጡ። በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ «ቴዎድሮስ» ተባሉ። ይህ ስም ዝም ብሎ የተነሳ አልነበረም። በኋለኛው ዘመን ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል፣ ፍትሕ ያሰፍናል፣ አገር ያረጋጋል የሚል ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ ሲጠበቅ ኖሯል። ከኮሶ ሻጭ ልጅነት ወደ ተጠባቂው ንጉሥነት በአንድ ቀን መሻገር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ራስን የማስተዋወቅ ሥራ በታሪካችን አላውቅም። ችግሩ እንዲህ ያለውን ስም የተሸከመ ሰው እንደ ሌላው ንጉሥ መሳሳት አይችልም። ግብር የከበደው ገበሬ፣ መሬቱ የተነካበት ካህን፣ ያመፀው ባላባት ሁሉ የሚለካቸው በትንቢቱ ነበር። ለእንግሊዟ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ የተሰማቸው ንቀት ያን ያህል የከበደው በከፊል ከዚህ ይመስለኛል። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ሲያጠፉ፣ ሌላ ንጉሥ ሊቀበለው የሚችለውን ምርኮ የእሳቸው ስም አልፈቀደላቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ብዙ ወጣት አንባቢ «ይህ ሁሉ የመኳንንት ወሬ ነው፤ እኛ ዘመድ የለንም፤ ዘመድ የሌለው ስም ከየት ያመጣል?» እንደሚል አውቃለሁ። እሺ፤ ዘመድ አልባዎቹን እንይ።

የመጀመሪያው ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው። የጨቦ ሰው ነበሩ። የምኒልክ ጦር ወደዚያ አገር በዘመተ ጊዜ ተማርከው ነው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት የመጡት። እስቲ አስቡት። ያሸነፈህ ጦር ሰፈር ውስጥ፣ ቋንቋው ቋንቋህ ባልሆነ ቤት፣ «የእገሌ ልጅ ነው» የሚልህ አንድ ሰው በሌለበት ትጀምራለህ። እኚህ ሰው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በመስከረም 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ከዋነኞቹ ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ጦርነት ላይ የማዕከላዊውን መንግሥት ጦር ከመሩት መካከል ነበሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞቱበት እስከ ታኅሣሥ 1919 ድረስ በንግሥት ዘውዲቱና በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መካከል ሚዛን ሆነው ቆዩ። አንዱ ወገን እሳቸውን ሳያማክር ትልቅ ነገር ማድረግ አይችልም ነበር።

ምን ይዘው ነው? መጠሪያቸው ይነግራችኋል፤ አባ መላ። ሌላው ታጠቅ፣ በዝብዝ ሲባል የእሳቸው ስም «መላ» ነው። ነገር ሲቋጠር የሚፈታ፣ መውጫ ሲጠፋ የሚያገኝ። በሰገሌ ዋዜማ ለንጉሥ ሚካኤል የወዳጅነት መልእክት እየላኩ ጊዜ እንደገዙ ይነገራል። ስለ ፍርዳቸው የሚወራው ደግሞ እስከ ዛሬ አላለቀም። ሁለት ሰዎች ተካሰው ሲመጡ፣ እሳቸው ማንም ያላሰበውን ጥያቄ ጠይቀው ውሸተኛውን ከራሱ አፍ ሲያወጡት፤ እንዲህ ያለውን ታሪክ ከአያቱ ያልሰማ ጥቂት ነው። ከእነዚህ ተረኮች ስንቱ በእርግጥ የእሳቸው እንደሆነ ማን ይለያል? የሚገርመው ግን ይኸው ነው። ባለቤቱ የጠፋ ብልህ ፍርድ ሁሉ ተሰብስቦ በእሳቸው ስም ሥር ገባ። ስም አንዴ ሥር ከያዘ የሌላውንም ሥራ እየሳበ ይሄዳል።

ይህን ስም ማን አወጣው? እሳቸው ቢሉት ኖሮ ማንም አይሰማቸውም ነበር። «እኔ መላ አዋቂ ነኝ» የሚል ሰው ያስቃል። ስሙን ያወጡት ችሎት ቆመው ያዩ ባለጉዳዮች ናቸው፤ የተፈረደለትም የተፈረደበትም። የሸዋ ችሎት ደግሞ በአደባባይ ነበር። ሥራቸው በር ተዘግቶ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ያህል ብልህ ሆነው ማንም ሳያውቃቸው ባለፉ ነበር። ጎበዝ ሆነው ለተረሱት ወዳጆቼ ይህን ብቻ እላለሁ፤ የሥራችሁ ጥራት ብቻ ሳይሆን የተሠራበት ቦታም ይቆጠራል። ደጅ ጥናት የሚባለውን ነገር ዛሬ ሁላችንም እንንቀዋለን፤ ብዙ ውርደትም ነበረበት። ግን ከጥቅሙ አንዱ ይህ ነበር፤ ሰው ወራትና ዓመታት በአንድ ደጅ ሲቆም ጠባዩ ይታያል። ማን ሲርበው ይሰርቃል፣ ማን ሲሰክር ምሥጢር ያወጣል፣ ማን የታመመ ጓደኛውን ያስታምማል፤ ይህ ሁሉ ከሹመቱ በፊት ተመዝኖ ያልቃል።

ሁለተኛው ባልቻ ሳፎ ናቸው፤ አባ ነፍሶ። እሳቸውም በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ የተገኙ፣ በቤተ መንግሥት ያደጉ ናቸው። ዓድዋ ላይ መድፈኛ ነበሩ፤ ስማቸው የተወለደው እዚያ ነው። ከዚያ የሲዳሞ፣ የሐረርም ገዢ ሆኑ። በየካቲት 1920 ግን የሆነውን እዩ። ደጃዝማች ባልቻ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው ከሲዳሞ አዲስ አበባ ገቡ፤ ጦራቸውን ንፋስ ስልክ አሰፈሩ፤ ተፈሪ ግብር አገቧቸው። እሳቸው እየበሉና እየጠጡ ሳለ፣ ራስ ካሳ ወደ ሰፈሩ ሄደው ጦሩን በብርና በምክር በተኑት። ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር። ሹመታቸውንም አጡ፤ ወደ ምንኩስናም ገቡ።

አንድ ሰው ከኋላው በተሰለፈው ብዛት ስሙን የሚለካ ከሆነ እንዲህ ያለ ማታ ሊመጣበት ይችላል። (የተከታይ ቁጥር ለምናሰላ ሰዎች ይህ ታሪክ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቢነበብ አይከፋም።) ግን የባልቻ ነገር በዚህ አላለቀም። ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣ እኚያ ሹመት የሌላቸው ሽማግሌ እንደገና መሣሪያ አንሥተው በ1936 በፈረንጆች አቆጣጠር እየተዋጉ ወደቁ። ንፋስ ስልክ ላይ የተበተነው ጦር ዓድዋ ላይ ያዩአቸውን ሰዎች ትዝታ ይዞ አልሄደም ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል በስማቸው ይጠራል።

እስካሁን ስለ ራሱ የሚናገረውንና እማኙን አየን። ሦስተኛ ሰው አለ፤ የሚከፈለው አወዳሽ። አዝማሪ የመኳንንቱን ስም እያነሳ ያሞግሳል፣ ይሸለማል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ የአዝማሪን ውዳሴ ማንም እንደ እማኝ ቃል አይቆጥረውም ነበር። ብልህ ገዢ ስለ ራሱ እውነቱን ሲፈልግ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «እረኛ ምን አለ?» ከብት እየጠበቀ ሜዳ ላይ የሚያንጎራጉረው ልጅ ከማንም ሽልማት አይጠብቅም፤ የሚለው የቤተሰቡንና የመንደሩን ነው። አስቡት፤ ግብር ቤቱ በውዳሴ እየተናወጠ ገዢው በጎን ሰው ልኮ የእረኛ ዘፈን ያስለቅማል። ዛሬ ስንቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ስንቱ ሐኪም፣ ስንቱ ጠበቃ ጽዳት ሠራተኛዋ ወይም ዘበኛው ስለ እሱ ምን እንደሚሉ ጠይቆ ያውቃል?

ብዕርም አዝማሪ ሊሆን ይችላል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እጅግ ተሰጥዖ የነበራቸው ሰው ናቸው። ሠዓሊ ነበሩ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ የዘርፉን መጠሪያ ራሱን ያገኘነው ከዚህ መጽሐፍ ነው። ስለ ዐፄ ምኒልክ የጻፉትን መጽሐፍ ግን ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነቅፈውታል፤ ታሪክ ጸሐፊ ሲፈርድ ሊያዳላ አይገባም ነበር ክርክራቸው። ጊዜ አልፎ ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ አፈወርቅ ከወራሪው ጋር ቆሙ፤ «አፈ ቄሳር» የሚል ማዕረግም ተቀበሉ። ከነጻነት በኋላ ጅማ ተግዘው እዚያው ሞቱ። ልብ ወለዳቸው አሁንም ይነበባል፤ አማርኛቸው አሁንም ይደነቃል። ስማቸው ሲጠራ ግን አንባቢው መጽሐፉን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን ያቅማማል።

ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት ነገር አለ። ይህ የስም ሥርዓት ሁሉን ሰው አላቀፈም፤ ጥፋቱም ትልቅ ነው። ጦረኛው ሲፎክር የያዘውን ጦር የሠራለት ቀጥቃጭ ስም አልነበረውም። ይልቁንም በሥራው ልክ ይሰደብ ነበር። ማረሻ የሚሠራው «ጠይብ» እየተባለ ይፈራል፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» ይባላል፣ ሸማኔው ይናቃል፣ ሸክላ ሠሪዋ በዓይኗ ትበላለች ተብላ ልጅ ይሸሸግባታል። እጁ በረቀቀ ቁጥር ሐሜቱ የሚብስበት ባለሙያ እንዴት ብሎ ነው ልጁን ሙያውን የሚያስተምረው? ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ይታወቃል፤ ዐዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ነገሩ የት ደርሶ እንደነበረ ይናገራል። እኔ እንደማስበው «ሥራዬን መናገር አፍራለሁ» የሚለው ስሜታችን ከትሕትና ይልቅ ከዚህ የመጣ ነው። ለጦር የሚፎከርበት አደባባይ ነበረን፤ ለእጅ ሥራ ግን አደባባይ አላበጀንም።

ለሴቶችም እንደዚሁ። «ባለሙያ ናት» ሲባል ወጥና ጠላ ማለት ብቻ ሆኖ ቆየ። በጥር 1888 መቀሌ ላይ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ውኃ የማስያዙ ሐሳብ የእቴጌ ጣይቱ መሆኑ ዛሬ የሚታወቀው እቴጌ ስለነበሩና የራሳቸውን ጦር ስላሰለፉበት ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ ያመጣች፣ ጦር ያልነበራት ሌላ ሴት ብትኖር ስሟን በምን እናውቀዋለን?

ከጦር ሜዳው ይልቅ ለዛሬ ባለሙያ የሚቀርበው ቦታ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይመስለኛል። እዚያ ደም የለም፤ ዕውቀት ብቻ ነው የሚመዘነው። የቆሎ ተማሪ ከአገር አገር እየዞረ ይማራል፤ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የማን ተማሪ ነህ?» ነው። የቅኔ ተማሪ ያዘጋጀውን በጉባኤ መካከል ይናገራል፤ መምህሩ እዚያው ያርሙታል፤ ካማረ አድማጩ «ይበል!» ይላል። ማንም ቤቱ ተቀምጦ «እኔ ባለቅኔ ነኝ» ብሎ አይወጣም። ድጓ የተማረ ደግሞ በየትም ቦታ ቢማር መጨረሻው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። እዚያ ሄዶ የራሱን ድጓ በብራና ጽፎ፣ ዜማውን ከነምልክቱ አሳይቶ፣ ሊቃውንቱ ፊት ይፈተናል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ያለፈ ሰው ምን ይባላል? «አስመሰከረ»።

ቃሉን እዩት። ተመረቀ፣ አለፈ፣ ጨረሰ አይደለም፤ ምስክር አቆመ ነው። ይኸው ቃል ዛሬም በእያንዳንዳችን ፋይል ውስጥ አለ፤ ሰርተፍኬቱን «የምስክር ወረቀት» እንለዋለን። የቤተልሔም ሰው ወረቀት ከመያዙ በፊት ምስክሩ ራሱ ነበር፤ የማያውቀውን ድጓ «አውቃለሁ» ቢል በሚቀጥለው በዓል ማሕሌት ላይ ቆሞ ይጋለጣል። እኛ ጋ ወረቀቱ ቀረና ምስክሩ ጠፋ። የሐሰት ዲግሪ የሚሸጠውም፣ ያልሠራበትን ፕሮጀክት ሲቪው ላይ የሚጽፈውም የሚኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። አብረውት የሠሩት ሰዎች አንብበውት «ይበል» ሊሉት የማይችሉትን ነገር የሚጽፍ ሰው ፎካሪ እንኳን አይባልም። በአንጻሩ ያቺ ነርስ «በእገሌ ሆስፒታል፣ በዚህ ዓመት፣ ከእነ እገሌ ጋር ሆኜ የሕፃናት ክፍሉን የሌሊት ተራ እንዲህ አድርገን አስተካከልን» ብላ ብትጽፍ ምን ያሳፍራታል? ስማቸውን የጠራቻቸው ሰዎች ያነባሉ። ትክክል ካልሆነ ይናገራሉ፤ ትክክል ከሆነ ደግሞ ከእሷ በላይ ይናገሩላታል።

ወረቀትና ምስክር በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ያየሁት በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ነው። መቅደላ ሲወድቅ ሕፃን ነበሩ፤ ከወላጆቻቸው ተለይተው የተገኙትን ልጅ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ህንድ ወሰዳቸው። ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ ስሙ ከሁለት አሳዳጊ ኮሎኔሎች የተወረሰ ነው። ላሆር ላይ ሕክምና ተማሩ፣ ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አጠናከሩ፣ በርማ ውስጥ ለእንግሊዝ መንግሥት በሐኪምነት ሠሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ የትውልድ አገራቸውን ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እንግዲህ አስቡት፤ አማርኛ የማይችል፣ የእንግሊዝ ስም የያዘ፣ የእንግሊዝ ዲፕሎማ ያለው ሰው «እኔ የእናንተ ልጅ ነኝ» ይላል። አዲስ አበባ ላይ በሽተኛ ማከም ጀመሩ፤ የዳኑት ሰዎች ሐኪምነታቸውን መሰከሩ። ስለ ሙያው ወረቀትም ሥራም ነበራቸው። ስለ ማንነታቸው ግን ምንም ወረቀት አልነበረም።

ወሬው ሲዛመት ልጅ የጠፋባቸው ቤተሰቦች መጡ፤ አያታቸውም መጡ። አሮጊቷ ልጁ በሕፃንነቱ በሰውነቱ ላይ የቀረበትን ጠባሳ ያስታውሱ ነበር። ዶክተር ማርቲን ልብሳቸውን ገልጠው አሳዩ፤ ጠባሳው ከነቦታው ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርቅነህ ሆኑ። በኋላ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ፣ የጨርጨር ገዢ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመንም ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሲሆኑ እንግሊዞቹ ዶክተር ማርቲን ይሏቸው ነበር። እዚህ አገር ግን የአዛዥነት ማዕረግ ከተሰጣቸው በኋላም ሰዉ የሚጠራቸው በሙያቸው ነበር፤ ሐኪም ወርቅነህ።